ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

የትምህርት ቤታችን የሰባ አምስተኛ ዓመት በዓል አዘጋጆች «ለመጽሔታችን ከሥራ ዘመንዎ ትዝታ ሁለት ገጽ ይጻፉልን፤ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍም ይላኩልን» ካሉኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ፎቶግራፉን በዚያው ቀን ላክሁ። ጽሑፉ ግን እምቢ አለኝ። እጀምራለሁ፣ እቀድዳለሁ፣ ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ የጅዳን ወበቅ አስገባና መልሼ እዘጋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ስለ ራሴ ሁለት ገጽ አቃተኝ ብል ማን ያምነኛል?

እንድሪስ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ወሎ ውስጥ ባለችው ከተማችን፣ ሕዝቡ «ሚሲዮን» በሚለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት እዚሁ ጅዳ በሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እዚህ ኢቃማ የምንለው፣ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆሟል። አገሬ ስገባ በበዓሉ ቀን ከተሸላሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። «ለረጅም ዘመን ታማኝ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተዘጋጅቶልኛል አሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው «ታማኝ» የሚለው ቃል ነው።

የቀድሞ ተማሪዎችን እዚህ የሚያስተባብረው ኑሩ ነው። መካ፣ ዑተይቢያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። በልጅነቱ ክፍል ውስጥ እየተኛ ያስቸገረን ሰው ዛሬ እኛን እየቀሰቀሰ ያስቸግረናል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» ይለኛል በስልክ። «መልካም መልካሙን ይጻፉና ኸላስ! በዓል አይደል እንዴ?»

መልካሙማ ሞልቷል። ከእሱው ልጀምር።

መዝገብ አያያዝ ያስተማሩኝ ሲስተር ለተብርሃን ናቸው። የትግራይዋ አሊቴና ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ረዳታቸው ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያውን ሳምንት እስክሪብቶ አላስያዙኝም። «መጀመሪያ ተቀምጠህ ስማ» አሉኝ። ሰማሁ። አዲስ ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ ስሙ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ መዝገብ ላይ አይሰፍርም ነበር። አንዴ እናት ትጠራዋለች፣ አንዴ አባት ወይም አብሮ የመጣው ዘመድ፣ በመጨረሻ ልጁ ራሱ። ልጁ አፍሮ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ቢደበቅ እንኳ ሲስተር ይጠብቃሉ። ሰልፉ እስከ በሩ ቢደርስ ግድ የላቸውም።

«ለምን ሦስቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እናት የምትወደውን ትጠራለች፤ አባት የወሰነውን ይጠራል» አሉኝ። «ልጁ ግን ሲጠሩት ዞር የሚልበትን ነው የሚነግርህ። ሁለቱ ቢጣሉ የልጁን ጻፍ።»

ዕድሜ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ያኔ የልደት ወረቀት ይዞ የሚመጣ የለም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይደረጋል፤ ካልደረሰ ለከርሞ ተመለስ ነው። ለትልልቆቹ ሲስተር የከተማውን ነገር ሁሉ የጻፉበት ደብተር ነበራቸው። አንዲት እናት «እንጃ ሲስተር፣ ትልቁ ድልድይ ሲሠራ እርጉዝ ነበርኩ» ስትል፣ «ሲጀመር ነው ሲያልቅ?» ይሏታል። «ኧረ ሲያልቅ፤ ሠራተኞቹ ሲሸኙ እልል ብያለሁ!» ስትል ደብተሩ ይገለጣል፣ ዓመቱ ይገኛል። እንዲያ ተለቅሞ የተጻፈ ዕድሜ ከሆስፒታል ወረቀት ይበልጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፍሉድ የሚሉትን ነጭ ማጥፊያ ቢሮአቸው አያስገቡም። የተሳሳትከው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ሥሩ ይነበባል፤ ከጎኑ የጻፈው ሰው ይፈርማል። የመጀመሪያው ዓመት መዝገቤ በርበሬ የተሰጣበት ይመስል ነበር። አፍሬ አንዱን ገጽ ቀድጄ በአዲስ ልገለብጥ ስል ያዙኝ። «እንድሪስ፣ የተሰረዘ መዝገብ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። የምፈራው ንጹሑን ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ቀንሶ። ተርም በተዘጋ ቁጥር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ያልተፈረመ አለ?» እኔም ገጾቹን ፈትሼ «የለም ሲስተር» እላለሁ። ያን ጊዜ ነው መዝገቡ ቁም ሣጥን የሚገባው።

እኔ ሙስሊም፣ እርሳቸው መነኩሴ። ሰፈራችን «ሼኽ ሚሲዮን» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በረመዳን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ያሰናብቱኛል፤ በፋሲካ ደግሞ እኔ ቢሮውን ብቻዬን እጠብቃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ስለ ሃይማኖት አልተከራከርንም። ስለ ቀለም ግን ብዙ ተከራክረናል።

እስከዚህ ድረስ ኑሩ እንደሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

አሥራ ሦስት ዓመት እንደሠራሁ አንድ ክረምት ሲስተር ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዱና የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ለእኔ ትተው ነበር። አንዲት እናት ከአንድ ደላላ ጋር መጣች። ልጇ አለምነሽ ይማም የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። አንደኛ ክፍል ስትገባ ጆሮዋን ያስነካኋት እኔው ነኝ፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነበር። ደላላው እጅ ላይ የሳዑዲ ቪዛ አለ፤ የወጣው ግን ፋጡማ አሕመድ በምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ስም ነው። ያቺ ልጅ ሐሳቧን ቀይራ ቀርታለች። በዚያ ስም ሌላ ሰው እንዲሄድ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው ደግሞ የትምህርት ቤት ወረቀት።

ሁለት ቀን እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ቀን እናትየዋ ከጠዋት ጀምሮ የግቢው በር ላይ ተቀመጠች። ባሏ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እምቢ ቢሉ ልጄ ትቀራለች፤ ብትቀርስ ምን ላበላት ነው?» አለችኝ። ሳንቲም አልተቀበልኩም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ጉቦ በልቼ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ይኖረኝ ነበር። አዘንኩ። ማዘኔ ጥሩ ሰው ያደረገኝ መስሎኝ ማኅተሙን አወጣሁ።

እጄ ግን ልማዱን አልተወም። እስክሪብቶ ይዤ፣ ሳላስበው፣ «ስም?» አልኩ። እናትየዋ «ፋጡማ» አለች፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ። ደላላው «ፋጡማ አሕመድ» አለ፣ በችኮላ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ልጅቷ ሄደ። ቀጥ ብላ ቆማ፣ እንደ ተማሪ፣ «አለምነሽ ይማም» አለች።

እኔ አቀረቀርኩና «ፋጡማ አሕመድ፣ ዕድሜ ሃያ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሙን መታሁ። የካርቦኑን ቅጂ ቀድጄ ልጥለው አስቤ ነበር፤ እሱም አልሆነልኝም፣ ቅጂ መጣል አላውቅበትም። በልጅቷ ፋይል መጨረሻ ሸጎጥኩት። ማን ይከፍተዋል ብዬ።

ሲስተር ተመለሱ። ተርሙ ሲዘጋ «ያልተፈረመ አለ?» አሉኝ። «የለም ሲስተር» አልኩ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን፤ በያንዳንዱ ተርም ጠየቁኝ፣ በያንዳንዱ ተርም «የለም» አልኩ። ጅዳ ሥራ አግኝቼ ስሰናበት መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ነገሩኝና ቆም ብለው «እንድሪስ፣ ያልተፈረመ አለ?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «የለም ሲስተር።» እርሳቸው አልሳቁም። በሁለተኛው ዓመት አረፉ አሉኝ፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም።

ጅዳ ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ጣጣ ሆነብኝ። ገና በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። «የእናት ስም?» አልኳት። ግራ ቀኝ አየችና ዝቅ ብላ «የቱን ልንገርዎት? የወረቀቱን ነው የእውነቱን?» አለችኝ። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አላህ ነው የሚያውቅ። ፋጡማ፣ ዘይነባ፣ ሀያት እየተባሉ በወረቀት የሚኖሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ሲጠሩ ሌላ የሆኑ ሴቶች። ሐኪም፣ መሐንዲስ የሆኑት ወላጆች ፓስፖርታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው ይቀመጣሉ፤ እነዚህ ግን እንደ እንቁላል ይዘውት ይቆማሉ። እኔም ባየኋቸው ቁጥር ፊታቸውን እፈትሻለሁ። ከመካከላቸው አንዷ አለምነሽ ብትሆንስ? አሥራ ሦስት ዓመት በሩ በተከፈተ ቁጥር ስደነግጥ ኖርኩ።

ኑሩ የበዓሉን የስልክ ቡድን ሲያቋቁም ስሜን አስገባው። በሁለተኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ። «ጋሽ እንድሪስ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ነኝ፤ እርስዎ ፋጡማ ያሉኝ።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

አራት ቀን አልመለስኩላትም። በአምስተኛው ቀን ኑሩ ደወለ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤቱ ምሳ አዘጋጅቷል። «የመነኮሳት ትምህርት ቤት በዓል መካ ላይ! ሲስተር ለተብርሃን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ «አንዲት እህት እርስዎን ማየት አለብኝ እያለች ነው» አለኝ።

ዑተይቢያ የኑሩ ቤት ደረጃው ጠባብ ነው። እየወጣሁ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ለጉልበቴ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት። የኑሩ ባለቤት ወደ ጓዳው አሳየችኝ። አለምነሽ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ዓባያ ለብሳ፣ ፊቷ ሙሉ ሴት ሆኖ። ሳያት ግን ያቺው ቀጥ ብላ የቆመችው ልጅ ነች። ኦብሑር በሚባለው የጅዳ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ለዑምራ ፈቅዳላት ነው የመጣችው።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አለችኝ። «በወረቀቱ አርባ አምስት። ሐኪም ቤት ስሄድ የዕድሜሽ ነው ይሉኛል።»

ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ቆይ ጋሼ። መጀመሪያ ይስሙኝ። ካራንቲና የሚሉት የጅዳ ሰፈር ስኖር አብራኝ የምትተኛ ልጅ ነበረች። እሷም እንደኔው የሰው ስም ይዛ የመጣች። ታመመችና ሞተች። በፓስፖርቷ ስም ቤተሰብ ሲፈለግ መንደሩ ‹እንዲህ የምትባል ልጅ የለችንም› አለ። ውሸታቸውን አይደለም። የእውነት ስሟን እኛ ጓደኞቿም አናውቀውም ነበር። እናቷ የሰማችው በዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ለሞተች ልጅ ‹ያ ረቢ በሰላም መልስልኝ› ስትል ነው የከረመችው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ወላሂ፣ ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ። መርዶዬ የሰው ቤት እንዳይገባ ነው። እናቴ አለች። ስሜን ይመልሱልኝ።»

ቆንስላው ጠይቃ ነበር። የተማረችበት ትምህርት ቤት ራሱ ፋጡማ ብሎ ስለጻፈ፣ የጻፈው ሰው ሐሰት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ ብለዋታል። ሐቃቸውን ነው። ታዲያ የጻፈው ሰው ማነው? በበዓሉ ታማኝ ተብሎ ሊሸለም ሻንጣውን ያዘጋጀው ሰው ነው።

«እስቲ አያለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«ኢንሻአላህ።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን የደስታ አልነበረም። «ማዳሜም ፈቃድ ስጠይቃት እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለች።

ምሳው አልወረደልኝም። ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረም ሄድኩና ካዕባን የመዞሩን ጠዋፍ ጀመርኩ። አራተኛው ዙር ላይ ይሁን አምስተኛው ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። ፈራሁ፤ አልደብቅም። የሐሰት ወረቀት በሕግ ያስጠይቃል። ትምህርት ቤቱስ? ሰባ አምስት ዓመት የተጠበቀ ስም በእኔ ፊርማ በበዓሉ ዋዜማ ሊቆሽሽ ነው? ሰሌዳዬስ? አዎ፣ እሱንም አሰብኩ፤ እንዲያውም ከሁሉ በፊት ያሰብኩት እሱን ነው። የጠፋብኝን ዙር ትቼ ከምን ጊዜውም በላይ አፍሬ ወጣሁ።

በማግስቱ የሚሲዮኑ የዛሬ ርዕሰ መምህርት ሲስተር ምሕረት ጋ ደወልኩ። ተማሪያችን ነበረች። ስለ በዓሉ ስታወራኝ አቋርጬ ሁሉንም ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ ጋሽ እንድሪስ» አለችኝ። «መዝገብ ቤት ልግባና ልደውልልዎት።»

አልደወለችም፤ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የኔ የካርቦን ቅጂ ነው። በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሥሩ በዚያ ወደ ጎን ዘንበል በሚለው የሲስተር ለተብርሃን እጅ ጽሑፍ «ሐሰት። የጻፈው ይፈርም» ይላል። የተጻፈበት ቀን ከአዲስ አበባ የተመለሱበት ሳምንት ነው። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ያውቁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በያንዳንዱ ተርም ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር። በሩ ላይ ሲሸኙኝም ያውቁ ነበር። አልከሰሱኝም፣ አላባረሩኝም፤ ቦታውን ክፍት አድርገው ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ «የለም ሲስተር» ስል ኖርኩ። ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

የምስክርነቱን ደብዳቤ እዚሁ ጅዳ ጻፍኩና ከአለምነሽ ጋር ቆንስላው ጋ ተገናኘን። ተራችንን እየጠበቅን ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብኩላት። ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ልምድ ነው። «በወቅቱ በተፈጠረ የአሠራር ክፍተት ምክንያት የተማሪዋ ስም በስህተት» ይል ነበር።

«እስቲ አንዴ መልሰው ያንብቡልኝ» አለች። ደግሜ አነበብኩላት። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ያኔ ቢሮዎ ውስጥ ስሜን ስናገር ሰምተውኝ ነበር?»

የተራ ቁጥር ተጠራ፤ የኛ አልነበረም። አንድ ሕፃን በዐረብኛ ውሃ ይላል፣ እናቱ በአማርኛ ትመልስለታለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ ይኸው ነበር።

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው እሱን ይጻፉት።»

ደብዳቤውን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። የአሠራር ክፍተት ያልኩትን በቀይ ሰረዝኩ፤ አንድ መስመር፣ ሥሩ እንዲነበብ። ከጎኑ ጻፍኩ፦ «ልጅቷ ስሟን በገዛ አንደበቷ ነግራኛለች። አለምነሽ ይማም። ሰምቼ ሌላ ጻፍኩ።» ፈረምኩበት። የመስኮቱ ሠራተኛ ደብዳቤው ተሰርዞ ሲያይ «በንጹሕ ገልብጠው ያምጡ እንጂ አባቴ» አለኝ። «አይሆንም ልጄ፣ እንዲሁ ይግባ» አልኩት። አመነታና ተቀበለው።

መልሱ ገና አልመጣም። ኢቃማዬ ሊያበቃ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ሳልሰማ እሄድ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። አለምነሽ «አብሽሩ ጋሼ» ትለኛለች። ይቅርታ አድርገሽልኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላለችኝም።

አዘጋጆች ሆይ፣ ሁለት ገጽ ብላችሁኝ አበዛሁት። ኑሩ ይህን ሲያነብ ይቆጣኛል። ሰሌዳውን ለሌላ ስጡልኝ። በበዓሉ ቀን ግን እመጣለሁ። ሰዉ አዳራሽ ሳይገባ መዝገብ ቤቱን ክፈቱልኝ፤ ፋይሉን አውጡልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ። ባዶው ቦታ ላይ ከመፈረሜ በፊት ሲስተር ለተብርሃን ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር ዞሬ የምለው አለኝ፦ አለ ሲስተር፣ አንድ ያልተፈረመ አለ።